ጅቡን ለምን «አያ» አልነው?

ደብረ ማርቆስ ላይ ለአንባቢዎችና ለወላጆች ያቀረብሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አሰናድቼዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ማስፈራሪያ ተረት ነው። ስለ ጅብ፣ ስለ ዱካክ፣ ስለ ቀትር ጋኔን፣ ስለ ሾተላይ። ደግሞም ስለ ወሲብ። ሁለቱን ምን አገናኛቸው የምትሉ ካላችሁ፣ ልጅ ሆናችሁ የሰማችኋቸውን የሚያስፈሩ ታሪኮች አንድ በአንድ አስቧቸው። ሙሽራ አለች፣ አራስ አለች፣ ልጃገረድ አለች፣ ደም አለ፣ መኝታ አለ፣ ሌሊት አለ። በቀን ማንም አፍ አውጥቶ የማይናገረውን ነገር ማታ እሳት ዳር አውሬ አድርገው ነገሩን። እኔ እነዚህን ተረቶች እወዳቸዋለሁ። ስም የተነፈገ ፍርሃት ይዘዋል ብዬ ነው የማምነው። ግን ፍርሃቱ የማን እንደሆነ ሳንጠይቅ ስንቀባበላቸው ሰው ይጎዳሉ። የመጣሁት ይህንን ለመናገር ነው።

ጎጃም ላይ ይህን ማስረዳት አይከብድም። እዚህ አገር የቅኔ ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ሰው እንኳ ውስጠ ወይራ ምን እንደሆነ ያውቃል። ላዩ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ። ከዋሸራና ከጎንጅ የወጡ ባለቅኔዎች ባለሥልጣን ፊት የማይባለውን በዚህ መንገድ ብለውታል። አያቶቻችንም ልጅ ፊት የማይባለውን በተረት ብለውታል።

በዱካክ ልጀምር። ከመካከላችሁ የያዘው ሰው ሳይኖር አይቀርም። ሌሊት ትነቃላችሁ፣ ዓይን ይገለጣል፣ ሰውነት ግን አይታዘዝም። ደረት ላይ የሆነ ነገር ተጭኗል። ትጮኻላችሁ፣ ድምፅ የለም። ሐኪሞች የሚሉት ቀላል ነው። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል ጡንቻችንን ዘግቶ ይይዘዋል፣ ሕልሙን ተከትለን ተነሥተን እንዳንራገጥ። አንዳንዴ ታዲያ አእምሮ ቀድሞ ይነቃል፣ ጡንቻው ገና አልተለቀቀም፣ ሕልሙም ሙሉ ለሙሉ አልጠፋም፤ ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ የሆነ ሰው የቆመ ይመስለናል። ይህ በዓለም ሁሉ ያለ ነገር ነው። መልኩን የሚሰጠው ግን የየአገሩ ሰው ነው። በጥንቱ አውሮፓ ደረት ላይ የሚወጣው ጋኔን ሴቶችን በእንቅልፋቸው የሚገናኝ ወንድ ነው ይሉ ነበር፤ ለወንዶቹ ደግሞ ሴት ጋኔን ነበረችላቸው። ሄንሪ ፉዝሊ የተባለው ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1781 በሣለው ሥዕል ላይ አንዲት ሴት አልጋዋ ላይ ተዘርራ፣ ደረቷ ላይ አስቀያሚ ፍጡር ቁጢጥ ብሎ ይታያል። ነገሩ የመኝታ ነገር መሆኑን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልግም።

እኛስ ዘንድ? ጎረምሳ ልጅ ሕልመ ሌሊት ሲያይ «ዓይነ ጥላ ነው» የሚለው አይጠፋም። በሕልሙ የመጣችው ሴት መንፈስ ናት፣ ትዳሩን ልታስቀርበት ነው ይባላል። ልጁ ዐሥራ አራት ወይ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ሰውነቱ እየተለወጠ ነው። «ይህ ወንድ ልጅ ሁሉ የሚያልፍበት ነው» ያለው አንድም ትልቅ ሰው የለም። እና ምን ያድርግ? ሰውነቱን ከሚያምን ጋኔን ማመን ይቀለዋል። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን እየፈራ ይተኛል፣ ሴት እየፈራ ያድጋል። እኔ ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ አንድ ደቂቃ በማይፈጅ ንግግር ሊቀር የሚችል ፍርሃት ስለሆነ።

የሥነ ልቦና ሐኪሙ ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1919 ስለዚህ ዓይነት ፍርሃት የጻፈው ድርሰት አለ። ሐሳቡን ባጭሩ ብናስቀምጠው እንዲህ ነው። ከምንም በላይ የሚዘገንነን ድሮ የራሳችን የነበረው፣ የለመድነው፣ ኋላም የደበቅነው ነገር ተመልሶ ብቅ ሲል ነው። እዚህ ላይ እስማማለሁ። ከእሱ በኋላ የመጡት አንዳንዶቹ ግን ረዘም ያለ ነገር ባዩ ቁጥር የወንድ፣ ጉድጓድ ባዩ ቁጥር የሴት አካል ነው እያሉ ሲተነትኑ አልከተላቸውም። ዓባይ በረሃን በባዶ እግሩ ለሚያቋርጥ ሰው እባብ እባብ ነው።

ዘንዶው ልጃገረድ ሲጠይቅ ግን ነገሩ ይለያል። የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ያላየ በመካከላችን የለም። ሰማዕቱ ነጭ ፈረስ ላይ፣ ዘንዶው ከሥር፣ ብሩታዊት ዛፍ ላይ። የአገሩ ሰው ልጁን በተራ ለዘንዶው ይገብር ነበር ይላል ታሪኩ። በአክሱም በኩል የሚነገረው የአርዌ ታሪክም እንዲሁ ነው፤ ንጉሡ እባብ ነው፣ ግብሩ ልጃገረድ ናት። የሰማዕቱን ክብር ማንም እንዳይነካብኝ እፈልጋለሁ፣ ዲማ ጊዮርጊስን የሚያህል ደብር ባለበት አገር ቆሜ ነው የምናገረው። ግን እስቲ ለአንድ አፍታ ዛፏ ላይ ውጡና ከብሩታዊት ቦታ ሆናችሁ እዩት። ወደ ዘንዶው የሸኟት የራሷ ሰዎች ናቸው። በዚህ አገር በዘጠኝና በዐሥር ዓመቷ የተዳረች ልጅ፣ ያችን ሥዕል ቀና ብላ ስታይ ምን ይታያት ነበር?

ይህን ጥያቄ ቶሎ እንዳታልፉት። ጎጃም ውስጥ ሕፃን መዳር ለዘመናት የተከበረ ነገር ነበር። ሁለት ቤተሰብ ይዛመዳል፣ መሬት ይያያዛል፣ ልጅቱ ባሏ ቤት ሄዳ እንድታድግ ትደረጋለች። እስክትደርስ አይነካትም ተብሎ ይማማላሉ። መሐላው የተጠበቀበት ቤት አለ፣ ያልተጠበቀበትም ብዙ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም 18 አድርጎታል። ሕጉ ቀን ቀን ይሠራል። ተረቱ ግን ማታ ማታ የድሮውን ይናገራል።

የሠርጉን ሌሊት ቋንቋ እዩት። ሚዜዎች ደም የነካውን ጨርቅ ይዘው ሲመጡ «ብር አምባር ሰበረልዎ» ይባላል። ይዘፈናል፣ ይፎከራል። ለእናት ክብር ነው፣ ለቤተሰቡ ክብር ነው። ለሙሽራዋስ? ስለ እሷ የሚናገር ስንኝ እኔ አላገኘሁም። የተሰበረው አምባር ነው የተባለው፣ ግን ደሙ የማን ነው? ዘፈኑ ውጭ ነው፣ እሷ ጫጉላው ውስጥ ናት። ፉከራ ደግሞ አውሬ የገደለ፣ ጠላት የጣለ ሰው ቋንቋ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ደስታና ጦርነት አንድ ቃል ይጋራሉ። ያችን ሌሊት በፍርሃት ያለፈች ሴት ኋላ ለልጆቿ ስለ ጅብ ስትተርት፣ ከየት አምጥታ እንደምትተርት ለመገመት አልቸገርም።

ጅቡን እንግዲህ። ጎጃም ውስጥ «አያ» ማንን እንደምንል ታውቃላችሁ። ታላቅ ወንድምን፣ የአክብሮት ዘመድን። ልጆች የምናስፈራራበትን አውሬ «አያ ጅቦ» አልነው። ብዙ ሰው ይህን ማባበያ ነው ይላል፣ የሚፈሩትን አቆላምጦ መጥራት። እሱም ልክ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሴቶች ሲተርቱት ሰምቼ ሌላ ነገር ጠረጠርሁ። በእነሱ ተረት ጅቡ በር ሰብሮ አይገባም። ያንኳኳል። ይጠይቃል። ዘመድ መስሎ ይገባል። ምክንያትም ይፈልጋል፤ «አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ» ያለችው አህያ ይህን ታውቃለች። ልጅን የሚደፍር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ልጅቱ የምታውቀው ሰው መሆኑን ዛሬ በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶች ይነግሩናል። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ ቤት የሚገባ የሚወጣ። አያቶቻችን ጥናት አላነበቡም። ጅቡን «አያ» አሉት።

ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮም የቀይ ቆቧን ልጅና የተኩላውን ተረት እ.ኤ.አ. በ1697 ሲያሳትም፣ መጨረሻው ላይ በግጥም ምክር ጨምሮበታል። ተኩላ ብዙ ዓይነት ነው፣ ቆንጆ ልጆችን እስከ ቤታቸው የሚከተለው ጨዋና ለስላሳ የሆነው ግን ከሁሉም የከፋ ነው ይላል። እሱ ግልጽ አወጣው። እኛ ሳንፈታው ተውነው።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። ጅቡና ጋኔኑ ሴት ልጅን የሚያገኟት የት ነው? ወንዝ ወርዳ። እንጨት ለቀማ ጫካ ገብታ። ከገበያ መሽቶባት። ጠላፊስ የሚጠብቃት የት ነበር? እዚያው። ጠለፋ በእኛ በኩል የልጅነት ጋብቻን ያህል ባይበዛም ነበር፣ ሕጉም ለረጅም ጊዜ ለጠላፊው በር ከፍቶ ኖሯል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተጠላፊዋ ጠላፊውን በፈቃዷ ካገባችው ክስ ይቀራል ይል ነበር። ያ ቀዳዳ የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። «በፈቃዷ» ምን ማለት እንደነበረ ሽማግሌ የተላከባቸው ቤተሰቦች ያውቁታል። እናት ታዲያ ልጇን «ወንዝ ብቻሽን አትውረጂ፣ ሰው ይጠልፍሻል» ብላ የጎረቤቷን ልጅ ስም ጠርታ መናገር አትችልም። ጸብ ነው፣ ደም ነው። «ጅብ አለ» ማለት ግን ትችላለች።

ወንዶች ሲተርኩት ወንዙ መልኩን ይለውጣል። እኩለ ቀን ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሰው የለም። ወንዙ ዳር ቆንጆ ሴት ጸጉሯን ትታጠባለች። ጎበዙ ይቀርባታል። ከዚያ በኋላ ወይ ያብዳል ወይ ይሰምጣል። መዝሙረ ዳዊት 90ን የደገመ ሁሉ «ጋኔነ ቀትር» የሚለውን ያውቀዋል፤ በተራኪው አፍ ጋኔኑ የሴት ገላ ይለብሳል። የዚህ ታሪክ ፍርሃት የወንድ ነው። የራሱን ፍላጎት ነው የፈራው። ራሴን መግዛት አልቻልሁም ከሚል እሷ ጋኔን ናት ማለት ቀለለው። ዓባይ ዳር፣ ጣና ዳር ይህን ዓይነት ታሪክ ያልሰማ የለም፤ ሴትዮዋ ስትናገር የሰማ ግን ስንቱ ነው?

ስለ አራስ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም የሚከብደኝ እዚህ ነው። አራስ ብቻዋን አትተውም። ራስጌዋ ብረት ይቀመጣል። ቁጡ ሴት ስናይ «እንደ አራስ ነብር» እንላለን። የወለደች ሴት ትፈራለች፣ ይፈራላታልም። በየቤቱ የነበረውን የቅዱስ ሱስንዮስ ጸሎት አስታውሱ። ውርዝልያ የምትባል ሴት የሱስንዮስን ልጅ ትገድላለች። እናት ታለቅሳለች። ሱስንዮስ ፈረሱ ላይ ወጥቶ፣ ጦሩን ይዞ ፈልጎ ያገኛትና ይወጋታል፤ እሷም ስሙ በተጠራበት እንዳትደርስ ትምላለች። ይህ ጸሎት በብራና ክታብ ላይ ተጽፎ፣ ብዙ ጊዜም ክታቡ የሴትዮዋን ቁመት ያህል ሆኖ፣ የክርስትና ስሟ ገብቶበት ይታሠርላት ነበር። ደም ለሚፈሳት፣ ለሚያስወርዳት፣ ልጅ ለሚሞትባት። ላዩን ስታዩት ታሪኩ ስለ ጭራቅ ሴት ነው። ውስጡን ስታዩት ግን ሦስት አራት ልጅ የቀበረች እናት ናት፣ «ለምን?» እያለች። መልስ የሚሰጣት አልነበረም። ጭራቋን ሰጧት።

ለአንዱ «ለምን» ዛሬ መልስ አለ። የተወለደ ልጅ ሁሉ ሲሞት ሾተላይ ስንል ከነበረው ውስጥ ሐኪሞች ዛሬ የሚያውቁት የደም አለመጣጣም አለ። የእናት የደም ዓይነት አር ኤች ኔጋቲቭ ሆኖ ልጁ ከአባቱ ፖዘቲቭ ሲወስድ፣ በወሊድ ጊዜ ደማቸው ይገናኝና የእናት ሰውነት የልጁን ደም እንደ ጠላት መዋጋት ይማራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፣ ተከታዮቹ ይጎዳሉ። ከእ.ኤ.አ. 1968 ጀምሮ አንቲ ዲ የሚባል መርፌ አለ፤ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል፣ በእርግዝናም ጊዜ ይሰጣል። እርጉዝ ሚስት ያላችሁ፣ እህት ያላችሁ፣ የደም ዓይነቷን አስመርምሩ። ይህንን ለማለት ብቻ እንኳ መምጣቴ በቂ ነው።

ደግሞ ፌስቱላ አለ። ዳሌዋ ሳይሰፋ ያረገዘች ልጅ ምጡ ቀናት ይፈጅባታል፣ ልጁ ይሞታል፣ ውስጧ ይቀደዳል፣ ሽንቷን መቆጣጠር ያቅታታል። ከሰው ተለይታ፣ ለብቻዋ ጎጆ ተሠርቶላት፣ «እርግማን ነው» ተብላ የኖረች አለች። እንግዲህ ጨለማ ጎጆ ውስጥ ስለምትኖር፣ ጠረኗ ስለሚያስፈራ ሴት የሚተረት ነገር ስትሰሙ ይህችን ልጅ አስቧት። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ የከፈቱት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2005 ባሕር ዳር ላይ ማዕከል ከፍቷል። የሚታከም ነገር ነው።

ፈረንጆቹም ከዚህ አላመለጡም። ፍራንከንስታይንን የጻፈችው ሜሪ ሼሊ እናቷ እሷን በወለደች በቀናት ውስጥ ሞታለች። እሷም እ.ኤ.አ. በ1815 የመጀመሪያ ልጇን ገና በጨቅላነቷ ቀበረች። መጽሐፏ እ.ኤ.አ. በ1818 ሲወጣ ምን ነበር የሚያወራው? ያለ እናት ስለ ተፈጠረ፣ የፈጠረው ሰው ስለ ሸሸው ፍጡር። የውርዝልያ ክታብ ያሠረች የጎጃም ሴት ይህችን ልጅ ባገኘቻት አቅፋ ታለቅስ ነበር። ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ያወጣው ድራኩላ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ነው፤ ሌሊት መኝታ ቤት ገብቶ፣ አንገት ነክሶ ደም የሚጠጣ ወንድ፣ የተነከሰችውም ሴት ራሷ ናካሽ ትሆናለች። ቂጥኝ የሚያድነው መድኃኒት ገና ያልተገኘለት ዘመን ነው። ኤች አይ ቪን ስሙን ላለመጥራት «ያ በሽታ» ስንል የኖርን ሰዎች ይህን ማብራራት አያስፈልገንም።

ቡዳን ሳላነሣ ብቀር ግን ዋናውን አስቀርቼ ነበር። እስካሁን ያወራሁት ጭራቁ ሰው ስላልሆነበት ተረት ነው። ቡዳ ላይ ጭራቁ ጎረቤታችን ነው። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው። ቡዳ የሚበላው ማንን ነው ይባላል? ቆንጆዋን፣ ሙሽራዋን፣ ሰው ፊት ጥሩ የበላውን። ዓይን የወደቀበትን ሁሉ። የታመመችውን ይዘው «ማን በላሽ?» ይሏታል። ትለፈልፋለች። የሰው ስም ትጠራለች። ከዚያ በኋላ የዚያ ሰው ኑሮ አበቃ። እዚህ ውስጥ የተደበቀው ፍርሃት የጋብቻ ፍርሃት ነው ባይ ነኝ፤ ልጃችን ከእነሱ ጋር እንዳትጋባ፣ እንዳትመኛቸው፣ እንዳይመኟት። ምኞትን በሕግ መከልከል አይቻልም፣ ስለዚህ የሰውየውን ዓይን ራሱን መርዝ አደረጉት። ማረሻችንን የሠራ፣ እንስራችንን የጋገረች ሰው ማታ ጅብ ይሆናል ብለን ልጆቻችንን አሳደግን። ይህ ከባድ ግፍ ነው። ዛሬም አለ፣ በዚህ ከተማም አለ።

ዛርን ባጭሩ ልለፈው። ሚሼል ሌሪስ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ተቀምጦ ባለዛሮችን በቅርብ ተከታትሏል። የተያዘችው ሴት የዛሩ ፈረስ ትባላለች። ዛሩ ሲወጣባት በወንድ ድምፅ ታዛለች። ሽቶ አምጡ፣ ልብስ ግዙ፣ ባሌ አይቅረበኝ። በራሷ አፍ ብትለው የምትደበደብበትን በዛሩ አፍ ትለዋለች፣ ባልየውም ይታዘዛል።

ንግግሩ ካለቀ በኋላ አንዲት እናት እጃቸውን አንሥተው «ታዲያ ልጄ፣ ተረቱን እንተወው ነው የምትለን?» አሉኝ። አይ እማማ፣ አልሁ፣ ይንገሯቸው። ጅቡም ይምጣ፣ ልጅቱም ታምልጥ፣ ልጆቹም ይፍሩ፤ አብሮ መፍራት ራሱ ያቀራርባል። ግን ነገ ጠዋት ልጅቱን ጠርተው፣ ሰውነትሽን ያለ ፈቃድሽ የሚነካ ሰው ቢመጣ፣ አጎትሽም ይሁን አስተማሪሽ፣ ለእኔ ትነግሪኛለሽ፣ አልቆጣሽም ይበሏት። በዚሁ ቃል። ጅብ ሳይሉ። እሳቸውም ዝም ብለው ቆዩና «እኔን እንዲህ ያለኝ የለም» አሉ።

አንድ ወጣት ደግሞ የወንዶቹን ፍርሃት አሳነስኸው ብሎ ሞገተኝ። ተገቢ ክርክር ነው። ወንድ ልጅ በጫጉላው ሌሊት «ቢያቅተኝስ» ብሎ የሚንቀጠቀጠውን፣ ሚዜ ደጅ ቆሞ ሲጠብቀው የሚሰማውን፣ ስላቃተው «መተት ተደርጎበታል» የሚባለውን እኔ ዛሬ አላነሣሁትም። ያ ራሱን የቻለ ሰፊ ነገር ነው፣ ብዙ ወንድ ይዞት የሞተው ምስጢር ነው። አንተ ጻፈው አልሁት። አያትህን ጠይቃቸው፣ የሰፈርህን ሽማግሌዎች ጠይቅ፣ እነሱ ካልነገሩህ የመተቱን ታሪክ ሰብስብ፤ ማን በማን ላይ አስደረገ ተብሎ እንደሚነገር፣ ልጁ ስንት ዓመቱ እንደነበር፣ ሙሽራዋን ከዚያ ሌሊት በፊት አይቷት ያውቅ እንደሆነ እየጠየቅህ።